«ሰርቶ የሚበላን ሰው አይነካውም» ላልከው (አሜሪካ ያለን ሰዎች ግሩፕ፣ ዲሴምበር 2025)

ሾፌሩ፦
ትናንት «ታክስ ከፋይ» እዚህ የጻፈው ከነከነኝ። የኦባማኬርን፣ ማለትም የ2010ሩን የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ ተጨማሪ ድጎማ ለሦስት ዓመት የሚያራዝመው ሕግ ሴኔት ላይ ወደቀ። 51 ደገፉ፣ 48 ተቃወሙ፣ ለማለፍ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ አልሞላም። እሱ ምን አለ? «ሰርቶ የሚበላን ሰው አይነካውም።» እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ኢንሹራንስ የሚሰጠኝ አሠሪ የለኝም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያዬ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሰርቼ አይደለም እንዴ የምበላው?

ታክስ ከፋይ፦
ወንድሜ፣ ያልኩትን ሙሉውን አምጣው። የ2010ሩ ድጎማ አልተነካም። የሚቆመው በ2021 በኮቪድ ጊዜ የተጨመረው ነው። ጊዜያዊ ያደረጉት ራሳቸው ዲሞክራቶቹ ናቸው። በ2022 ሲያራዝሙትም «እስከ 2025 መጨረሻ» ብለው የጻፉት እነሱ ናቸው። ዘላቂ ይሁን ቢባል በአሥር ዓመት 350 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ የኮንግረሱ በጀት ቢሮ ተናግሯል። ማን ይክፈለው?

ነርሷ፦
አንተም ግማሹን ነው ያመጣኸው። በድሮው ሕግ ገቢው ከድህነት ወለሉ አራት እጥፍ ያለፈ ሰው ምንም አያገኝም። ለ2026 ብቻውን ለሚኖር ሰው ጣሪያው 62,600 ዶላር ነው። ትንሽ ኦቨርታይም ሠርተህ ካለፍከው ድጎማው ዜሮ ይገባል። የ2021ዱ ሕግ ይህን ጣሪያ አንስቶ፣ ለመካከለኛው ፕላን ማንም ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ እንዳይከፍል አድርጎ ነበር። ታዲያ አሁን የሚመታው ማን ነው? ብዙ የሠራው እኮ ነው።

ታክስ ከፋይ፦
እኔ ሰርቶ የሚበላ ያልኩት በመሥሪያ ቤቱ በኩል ኢንሹራንስ ያለውን ነው።

ሾፌሩ፦
እና እኔ ለምኜ ነው የምበላው? የፀጉር ቤቱ፣ የሬስቶራንቱ፣ የጭነት መኪናው ሰው ሁሉ ለምኖ ነው የሚበላው? ያልከውን አንሳው።

ቀጥ በል፦
ሰውየውን ለቀቅ አድርጉትና ስለ ሕጉ እናውራ። ሪፐብሊካኖቹም አማራጭ አቅርበው ነበር። ገንዘቡ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ከሚሄድ በሰውየው የጤና ቁጠባ አካውንት ይግባ አሉ። 1,000 ዶላር፣ ዕድሜው ከ50 እስከ 64 ለሆነ 1,500። ያንንም በዚያው ቀን ጣሉት። ኩባንያ ከመቀለብ ይሄ አይሻልም?

ነርሷ፦
ያ ገንዘብ ለወርሃዊ ክፍያ አይውልም። ርካሹን ፕላን የገዛ ሰው ደግሞ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሱ ያወጣል። አንድ ሺሁ አንድ ምርመራ ላይ ያልቃል።

የሐና እናት፦
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዲሞክራቶቹ ድጎማው ካልተራዘመ በጀቱን አንደግፍም ብለው፣ ለዚህ ውጤት ነው መንግሥት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ 43 ቀን የተዘጋው? ባለቤቴ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ነው የሚሠራው። ደመወዝ ሳይከፈለው በየቀኑ ገባ። የቤት ኪራይ ተበድረን ከፈልን። መጨረሻ ላይ ያገኙት «ድምፅ ይሰጥበታል» የሚል ቃል ብቻ ነው። እንደማያልፍ እያወቁ በእኛ ጓዳ ተጫወቱ።

ሾፌሩ፦
እህቴ፣ ባይታገሉ ኖሮ ደግሞ «ዝም አሉ» ትያቸው ነበር።

የሐና እናት፦
አልልም። ያንተ ኢንሹራንስ ለእኔም ጉዳዬ ነው፤ ግን ያንን ወር ተኩል ማን ኖረው? ያሁኑ በጀት የብዙ መሥሪያ ቤቶች ጃንዋሪ 30 ያበቃል። እንደገና ሊዘጉት ነው?

ታክስ ከፋይ፦
የሐና እናት የተናገረችው እውነት ነው። ዲሞክራቶቹ ለሕገወጦች ነፃ ህክምና ሲሉ ነው የዘጉት።

ነርሷ፦
ይሄን ወሬ ተው። ወረቀት የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ከ2010 ጀምሮ በኦባማኬር በራሱ ገንዘብ እንኳ መግዛት አይችልም። አሁን የተነካው ማን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሕጋዊው ነው። ትራምፕ ጁላይ 4 የፈረመውን ሕግ አንብበው። እናቱን በግሪን ካርድ ያመጣ ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስንት አለ? ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ሽፋን፣ ለአዲስ ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ይህ የ1996 ሕግ ነው። የአረጋውያኑን ሽፋን ሜዲኬርንም ከፍለው እንኳ ለመግዛት አምስት ዓመት መኖር አለባቸው። እስካሁን ገቢያቸው ከድህነት ወለሉ በታች የሆነ እንደዚህ ያሉ ሰዎች በኦባማኬር ድጎማ ይሸፈኑ ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ ያ ቀረ። በሪፊዩጂነት የገባና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኘ ሰው ደግሞ ከ2027 ጀምሮ ድጎማውን ያጣል። የእኛ ሰው ነው ይሄ።

ቀጥ በል፦
ድንገተኛ ክፍል ማንንም አይመልስም፤ ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረመው የ1986 ሕግ አለ።

ነርሷ፦
አይመልስም፤ ያረጋጋል፣ ከዚያ ይሸኛል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ አይሰጥም። ሂሳቡም ቤት ድረስ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። መድኃኒቱን አቋርጦ የሚመጣውን ሰው እኔ ነኝ የምቀበለው።

ታክስ ከፋይ፦
እናቴን እኔም ባለፈው ዓመት አምጥቻለሁ። ይሄን አጣራለሁ። የድጎማውን ግን አሁንም አልቀበልም፤ ኢንሹራንሱ ለምን ተወደደ የሚለውን ማንም አልነካውም። ድጎማ በጨመሩ ቁጥር ኩባንያዎቹ ዋጋ ይጨምራሉ።

ሾፌሩ፦
«ሰርቶ የሚበላን ሰው አይነካውም» ያልከውስ?

ታክስ ከፋይ፦
መለስኩልህ እኮ።

ሾፌሩ፦
አልመለስክም። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሽፋን የሚፈልግ በአብዛኛው ስቴት እስከ ዲሴምበር 15 መመዝገብ አለበት። እኔ እስከዚያ መወሰን አለብኝ። ልክፈል ወይስ ያለ ኢንሹራንስ ልንዳ? አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?