«ታርትል» ማለት ማን ምን አለና ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ወደ ሌላ ቋንቋ የማይተረጎሙ ቃላት» የሚለው ዝርዝር ዛሬም ደረሰኝ። ስሙ የጠፋብንን ሰው ከሌላ ሰው ጋር ልናስተዋውቅ ስንል የሚይዘንን ድንጋጤ «ስኮትላንዶች ታርትል ይሉታል» ይላል። ከ1931 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በ10 ቅጽ የታተመው የስኮትኛ (ከስኮትላንድ ቋንቋዎች የአንዱ) መዝገበ ቃላት ግን፣ አንድን ሰው ወይም ነገር ለመለየት ማመንታት፣ አልፎም ካመነቱ በኋላ መለየት ብሎ ይፈታዋል። ድንጋጤውን ከየት አመጡት?

የግላስጎው ሰው፦ እኔን ያስገረመኝ «ይሉታል» የሚለው ነው። እዚህ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው 14 ዓመት ስኖር አንድም ሰው ሲለው አልሰማሁም። ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያው አላባራ ሲል «ድሪኽ» ማለታቸውን ግን ዕለት ዕለት እሰማለሁ።

ሸጋው፦ እርስዎ ስላልሰሙት የለም ማለት አይደለም። ደግሞስ ቃል ያድጋል፤ ስም ጠፍቶ መንተባተብ ሰውን ለመለየት ከማመንታት ብዙም አይርቅም።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ብዙም አይርቅም»? ስሙ የጠፋኝን ሰው እኮ ለይቼዋለሁ፤ ሠርግ ላይ አብረን እንደበላን ሁሉ አስታውሳለሁ። ታርትል የሚባለው ከመንገዱ ማዶ የሚመጣውን ሰው እሱ ይሁን አይሁን ተጠራጥሬ፣ እጄን ለሰላምታ አንሥቼ መልሼ ኪሴ ስከት ነው።

እትዬ ሰላማዊት፦ ስም ለጠፋበትማ የእኛ ሰው መላ አለው። «ተዋወቁ እንጂ!» ብሎ ዞር ይላል፤ ስማቸውን ራሳቸው ይነጋገራሉ።

ሸጋው፦ እትዬ፣ እሱ መላው ነው እንጂ የስሜቱ ስም አይደለም፤ ስለዚህ አሁንም የማይተረጎም ነው። ለአንድ የገጠር ዘዬ ቃል ይህን ያህል መጨቃጨቅም አይገባም።

የግላስጎው ሰው፦ ዘዬ? በ2011 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ስኮትኛ እናገራለሁ ብሏል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም ከሌላው የስኮትላንድ ቋንቋ ከጌሊክ ጋር ይፋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ሲያስጌጥልዎ ተአምረኛ ቃል፣ ሲጠየቁ ዘዬ፤ እንዴት ነው ነገሩ?

ሸጋው፦ ሕግ ስላወቀው ታርትል ትርጉሙ አይለወጥም፤ ሰው በሚጠቀምበት መንገድ ነው የሚፈታው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እስማማለሁ፤ የሚጠቀምበትን አንድ ሰው ያምጡልኝ። ዝርዝሩን እየቀዱ የሚያሰራጩትን ሳይጨምር።

ሸጋው፦ አንድ የአበርዲን ወዳጅ አለኝ፤ እጠይቀዋለሁ።

እትዬ ሰላማዊት፦ ስሙ ማን ነው?

ሸጋው፦ አሁን ጠፋኝ።