ጥርስ እያወጣች ላለች ልጅ በእጇ ይዛ የምትበላው ምን ልስጣት?

የሚጢ እናት፦
ሰላም እናቶች፣ ሀዋሳ ታቦር ነው ያለሁት። ልጄ 7 ወር ከ2 ሳምንት ሆናታል፣ ድዷ አብጦ ለሀጯ ደረቷን እያራሰው ነው ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ። ገንፎዋን ስሰጣት ማንኪያውን ትቀማኛለች እንጂ አትጎርስም። አማቴ ደረቅ ዳቦ ስጫት ድዷን ትሽበት አሉኝና ሰጠኋት፣ ትናንት ማታ ግን ዳቦው በምራቋ ርሶ አንድ ቁራጭ ተገንጥሎ ገባ፣ ፊቷ ቀልቶ አይኗ እንባ ሞልቶ ኡኽ ኡኽ አለች፣ ደንግጬ ጣቴን ልከትባት ስል ራሷ ተፋችው። እስካሁን ልቤ አልተመለሰም። በእጇ መብላት ግን በጣም ፈልጋለች፣ እናንተ ምን ሰጣችሁ?

ቃልዬ፦
አይዞሽ እህቴ። የኔ በስኳር ድንች ነው የጀመረው፣ በደንብ ቀቅለሽ በጣትሽ ርዝመትና ውፍረት ቁረጪው፣ በሁለት ጣትሽ ስትጫኚው ካልፈረሰ መልሰሽ ቀቅይው። በዚህ እድሜ በመዳፋቸው ጨብጠው ከላይ የተረፈውን ነው የሚበሉት ስለዚህ ደቃቅ አድርገሽ አትክተፊ፣ ያ በጣታቸው መልቀም ሲጀምሩ ወደ 9 ወር አካባቢ ይደርሳል። ሙዝ ያዳልጣታል፣ ልጣጩን አጥበሽ ከታች ተይላትና እሱን ትያዝ። የበሰለ አቮካዶም አሪፍ ነው። አሳ ከአሞራ ገደል ስገዛ ቀቅዬ እሾሁን በጣቴ እየዳበስኩ ሁለት ሶስቴ ለቅሜ ነው የምሰጠው፣ አንዴ ብቻ አይበቃም። ጨውም ስኳርም አልጨምርም፣ ማር ደግሞ አንድ አመት ሳይሞላት እንዳትነካ።

ነርስ ነኝ፦
ጣትሽን አለመክተትሽ ጥሩ ሆነ፣ የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት ሲገባ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ድምፅ እያሰማች ካሳለች ተያት፣ እያወጣችው ነው። የሚያስፈራው ዝም ስትል ነው፣ ማልቀስም ማሳልም አቅቷት ከንፈሯ ሲጠቁር። ያኔ ክንድሽ ላይ በሆዷ አስተኝተሽ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ አገጯን ደገፍ አድርገሽ በመዳፍሽ ስር ትከሻዋ መሀል 5 ጊዜ ምቺ፣ ካልወጣ ገልብጠሽ በሁለት ጣት ደረቷ መሀል ከጡቷ መስመር ዝቅ ብለሽ 5 ጊዜ ተጫኚ፣ እስኪወጣ እያፈራረቅሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ መኪና ይጥራ። ራሷን ከሳተች ግን ይሄን ትተሽ ልብና ትንፋሽ ማስቀጠል ነው፣ አሰራሩን ጤና ጣቢያ ሄደሽ በአይንሽ እዪው። ስትበላ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ ተጋድማ ወይ እየዳኸች አይሆንም፣ ከአጠገቧም አትነሺ። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለውዝ፣ ጥሬ ካሮት ጭራሽ አይሞከርም፣ ታላላቆቿ ቆሎ ሲበሉም መሬቱን እዪ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ድዷን አስበጡላት ጥርሷን አስነቅሉላት የሚል ሰው ከመጣ እሺ እንዳትዪ። የመጀመሪያ ልጄን ጎረቤት ሊያስነቅልልኝ በር ድረስ መጥቶ ነበር፣ እናቴ ናት የከለከለችው፣ እስካሁን አመሰግናታለሁ። የሚያደማ የሚያመረቅዝ ነገር ነው ትኩሳቱንም አያድነውም። 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ካተኮሳት ወይ ካስቀመጣት ጥርስ ነው ብለሽ አትተዪው ሀኪም ያያት። ለድዷ ንፁህ ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክረሽ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘሽ ስጫት፣ በረዶ እስኪሆን ግን አይደለም።

የሚጢ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ስኳር ድንቹን ሰጠኋት፣ ግማሹ ቅንድቧ ላይ ነው ግን ጎረሰች! ለአማቴም ነገርኳቸው፣ ዳቦውን አነሱት። እንቁላልስ ይቻላል?

ነርስ ነኝ፦
አዎ፣ አስኳሉም ነጩም በደንብ ከበሰለ። ጠዋት ላይ ትንሽ ቅመሺያትና ቀኑን እዪያት፣ ሽፍታ ወይ የከንፈር እብጠት ካየሽ አቁሚ፣ ትንፋሽ ካጠራት ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል። ጡትሽንም አታስቀንሺ፣ እስከ 2 አመትና ከዛም በላይ ነው።