አስቸኳይ፦ አርቲ ያልገባበት ቱቦ ለምን ሲግናል ይሰጣል? (ጎንደር)

ቀሃ ዳር፦
ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ማላት1 እና ሆቴር የሚባሉትን ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎች ከማኅፀን ጫፍ ናሙና ላይ በሪል ታይም ፒሲአር እየለካሁ ነው (አር ኤን ኤው በአርቲ ኢንዛይም ወደ ሲዲኤንኤ ተቀይሮ በየሳይክሉ እየበዛ ይለካል)። ማላት1 በሲቲ 26 (ሲግናሉ በታየበት ሳይክል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ አለ ማለት ነው) ወጣ፤ አርቲ ኢንዛይም ያልጨመርኩበት ቱቦ ደግሞ በ28! መመዘኛው ጂን ጋፕዲኤች 24፣ ያለ አርቲ 31። ሆቴር 35፣ ያለ አርቲ ምንም የለም። ውሃ ብቻ ያለበት ንጹሕ ነው። ናኖድሮፑ (በብርሃን ንጽሕና የሚለካው ማሽን) ሬሾው 1.95 ብሎኛል፤ ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? ሳይበር ግሪን (ሲግናሉን የሚሰጠው ቀለም ያለበት ሚክስ) የቀረኝ ለ40 ዌል (ጉድጓድ) ብቻ ነው። መብራቱ ደግሞ መጣ ሄደ እያለ ነው።

ሸማኔው፦
ሲቲ 26 ስትል ሲቲ ስካን መስሎኝ ደንግጬ ገባሁ። ይቅርታ፣ ቀጥሉ።

አዘዞ12፦
ወንድሜ፣ ፕራይመሩን (ፒሲአሩ የሚነሳበትን አጭር ቁራጭ) ቀይረው። ሁለት ኤግዞኖች (አር ኤን ኤው ተቆርጦ ሲቀጠል የሚቀሩት ክፍሎች) የሚጋጠሙበት ላይ የሚያርፍ ፕራይመር ከሆነ ዲኤንኤ አይነሳልህም። አለቀ።

ቀሃ ዳር፦
እህትህ ነኝ :) ፕራይመር አሁን ማዘዝ አልችልም፤ ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

የኔታ ፒፔት፦
ከመነሻው እንጀምር። ረጅም ኮድ አልባ አር ኤን ኤ የምንለው ፕሮቲን የማይሠራ፣ በተለመደው መስፈርት ከ200 ኑክሊዮታይድ በላይ የሆነውን ነው። መጀመሪያ ከታወቁት አንዱ በ1991 የተገኘው ኤግዚስት ነው፤ 17 ሺህ ያህል ኑክሊዮታይድ ርዝመት አለው፣ በሴት ሕዋስ ውስጥ አንደኛውን ኤክስ ክሮሞዞም ሸፍኖ ዝም ያሰኛል። በሴሚኖማ፣ ማለትም በአንድ ዓይነት የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ ወንድ ላይም ይታያል። ኤች19 ከእናት በመጣው ቅጂ ብቻ ይነበባል፤ እንግዴ ልጅ ውስጥ በብዛት አለ። ፒሲኤ3 የፕሮስቴት ነው፤ በሽንት የሚለካበት ምርመራ በ2012 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ሆቴር ደግሞ...

ሸማኔው፦
የኔታ፣ ልጅቷ እሳት ላይ ናት። ታሪኩን ነገ ይጨርሱልን።

ጠዳ፦
እህቴ፣ የተበላሸው አር ኤን ኤው ውስጥ የቀረ ዲኤንኤ ነው። ናኖድሮፕ ይህን አይነግርሽም፤ ዲኤንኤም አር ኤን ኤም በ260 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይመጥጣሉ፣ ትንሽ ዲኤንኤ ሬሾውን አያወርደውም። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ፕራይመርሽም ሚክስሽም አልተበከሉም። ሜልት ከርቩን (ቁራጩ ሲሞቅ በስንት ዲግሪ እንደሚለያይ የሚያሳየውን) አትመኚው፤ ከዲኤንኤም ከሲዲኤንኤም የሚወጣው ቁራጭ አንድ ስለሆነ ጫፉም አንድ ነው።

አዘዞ12 ያለው ለሆቴር እውነት ነው፤ ሆቴር ስፕላይስ ስለሚደረግ (መሐል ያሉት ኢንትሮኖች ተቆርጠው ኤግዞኖቹ ስለሚቀጠሉ) መጋጠሚያ አለው፣ የአንቺም ፕራይመር እዚያ ላይ ያረፈ ይመስላል። ማላት1 ግን 8 ሺህ ኑክሊዮታይድ ገደማ ሆኖ በአብዛኛው ሳይቆረጥ አንድ ወጥ የሚቀር ነው። በሌለ መጋጠሚያ ላይ ፕራይመር አይቀመጥም።

አሁን ሒሳቡን እዪው። ማላት1 ላይ ልዩነቱ 2 ሳይክል ነው፤ 4 እጥፍ ብቻ ማለት ነው። ከሲግናልሽ ሩቡ ከዲኤንኤ የመጣ ነው፣ ይህን ውጤት ጣይው። ጋፕዲኤች ላይ 7 ሳይክል ነው፤ 128 እጥፍ፣ ከ1 በመቶ በታች፣ ያስኬዳል። ጋፕዲኤች መጋጠሚያ ላይ ቢሠራም ያለ አርቲ የሚወጣው ኢንትሮን የሌላቸው ሐሰተኛ ቅጂዎቹ ጂኖም ውስጥ ስለተበተኑ ነው።

ናሙናው ትኩስ ነው ወይስ ፓራፊን? በምን አወጣሽው? ሲዲኤንኤውንስ በኦሊጎ ዲቲ (ፖሊ-ኤ የሚባለውን የኤ ድርድር ጫፍ በሚይዘው ፕራይመር) ነው የሠራሽው?

ቀሃ ዳር፦
ትኩስ፣ አርኤንኤሌተር ውስጥ የቆየ። በትራይዞል (አር ኤን ኤ ማውጫ ፈሳሽ)። አዎ ኦሊጎ ዲቲ። ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚቆርጠው ኢንዛይም) አለኝ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም።

ጠዳ፦
እንግዲያው ሁለት ጥፋት አለ። ማላት1 ከሕዋስ ውስጥ እጅግ ከሚበዙት ነው፤ ከጋፕዲኤች በ2 ሳይክል ወደኋላ መቅረቱ ራሱ ያጠራጥራል። ጫፉ ላይ እንደ ተራ መልእክተኛ አር ኤን ኤ የተቀጠለ ፖሊ-ኤ የለውም፤ ያለው በኤ የበለጸገ ጫፍ ደግሞ ሦስት ክር ሆኖ ተገምዷል፣ ኦሊጎ ዲቲ እንደልቡ አይዘውም። ፕራይመርሽ ከመነሻው በኩል ከሆነ ኢንዛይሙ እዚያ ድረስ ሳይደርስ ይቆማል። ራንደም ሄክሳመር (የትም ቦታ የሚይዝ ባለ6 ፊደል ፕራይመር) ተጠቀሚ።

ዲኤንኤዙ እንዲህ ነው፦ 1 ማይክሮግራም አር ኤን ኤ በ8 ማይክሮሊትር፣ 1 ማይክሮሊትር ባለ10 እጥፍ በፈር፣ 1 ማይክሮሊትር ዲኤንኤዝ (1 ዩኒት)። በጣት ነካ ነካ አድርጊው እንጂ ቮርቴክስ ላይ አታድርጊው፤ ይህ ኢንዛይም መናጥ አይወድም። 37 ዲግሪ 30 ደቂቃ። ከዚያ 1 ማይክሮሊትር ባለ50 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ማግኒዥየም የሚያስረው)፣ ቀጥሎ 65 ዲግሪ 10 ደቂቃ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጪው፤ ማግኒዥየሙ ሳይታሰር ካሞቅሽው አር ኤን ኤው ይቆራረጣል። ኢዲቲኤ "ለጥንቃቄ" ብለሽም አታብዢ፣ ትርፉ የአርቲውን ማግኒዥየም ይበላል።

አዘዞ12፦
አሁንም ፕራይመር መቀየር ይቀላል እላለሁ።

ሸማኔው፦
ማሞቂያ ከሌለሽ ድስት ውሃ አፍልተሽ...

አንገረብ22፦
ሸማኔው ቀልዱን ተወው፣ የሚያምን አይጠፋም። በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለ65ም ለ95ም አይሆንም። የፒሲአር ማሽኑ ራሱ ማሞቂያ ነው፤ 37፣ ከዚያ 65 ብለሽ ፕሮግራም አድርጊው።

ስለ ሳይበር ግሪኑ፦ ሁሉንም ናሙና አትድገሚ። ዲኤንኤዝ የነካውን አር ኤን ኤ ከ2 ናሙና ብቻ ወስደሽ አርቲ ሳታደርጊ በቀጥታ በማላት1 ፕራይመር አስኪጂው። በድግግሞሽ 4 ዌል፣ ያልታከመ 1፣ ውሃ 1፤ በ6 ዌል መልሱን ታገኛለሽ። ከ35 በፊት ካልተነሳ ቀጥዪ። ከ20 ማይክሮሊትር ወደ 10 ብታወርጂው ደግሞ የ40 ዌሉ ሚክስ 80 ይሆናል፤ ሽፋኑን ጠርዙ ድረስ በደንብ ተጫኚው፣ አለዚያ የዳር ዌሎች ይተናሉ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ከትራይዞል ላይ የላይኛውን ስትቀጂ ቱቦውን 45 ዲግሪ አዘንብዪ፣ ከነጩ ሽፋን በላይ ትንሽ አስቀሪ። "ትንሽ ናት፣ ትጨመር" የምትባለው የመጨረሻዋ ጠብታ ናት ዲኤንኤውን የምታመጣው።

መብራት ከሄደብሽ አር ኤን ኤውን በውሃ ሟሙቶ አታሳድሪው። 75 በመቶ ኢታኖል ውስጥ እንደተዘቀጠ ተዪው፤ 4 ዲግሪ ላይ እንኳ ሳምንት ይቆያል።

ደንቢያ፦
ሁላችሁም ቱቦው ላይ አፍጥጣችኋል። እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሆቴር በካንሰር ጨመረ ለማለት ነው አይደል? ሆቴር የሚነበበው ከሆክስ ጂኖች (የሰውነት ክፍሎችን ቦታ የሚወስኑት) ሠፈር ነው፤ በ2007 ሲገለጽ ከታችኛው የሰውነት ክፍልና ከእጅ እግር ጫፍ አካባቢ የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶች (የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት) ውስጥ ነው የታየው። ማለት ሕዋሱ ከየት የሰውነት ክፍል እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። በ2010 ከጡት ካንሰር ሥርጭት ጋር ስለተያያዘ ሁሉም "የካንሰር ጂን" ይለዋል እንጂ፣ ማኅፀን ጫፍ ላይ ጤነኛ ስትሮማም (ከሥር ያለው ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ) ሆቴር ሊኖረው ይችላል። ጤነኛው ባዮፕሲ ስስ ኤፒተልየም (የላይኛው የሕዋስ ሽፋን) እና ብዙ ስትሮማ ነው፤ ዕጢው በአብዛኛው ኤፒተልየም። ሁለቱን ፈጭተሽ ስታነጻጽሪ የምትለኪው የሕዋስ ድብልቁን ሊሆን ይችላል።

ቀሃ ዳር፦
ታዲያ ምን ላድርግ? ናሙናው ተፈጭቶ አልቋል።

ደንቢያ፦
የፓራፊን ብሎኩ ፓቶሎጂ ክፍል አለ አይደል? ከዚያው ቁራጭ አንድ ስላይድ በሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን አስቀቢ፣ ፓቶሎጂስቱ የዕጢውን መቶኛ ይገምትልሽ። ዕጢው ከግማሽ በታች የሆነውን ለብቻው አስቀምጪ። ሲቲ 35 ላይ በድግግሞሾች መካከል የ1 ሳይክል ልዩነት ብርቅ አይደለም፤ ያ ብቻውን 2 እጥፍ ነው። "2 እጥፍ ጨመረ" ብለሽ እንዳትጽፊ።

የኔታ ፒፔት፦
ደንቢያ ልክ ነው። ጋፕዲኤችን ብቻ መመዘኛ ማድረግም አይበቃም፤ በዕጢ ውስጥ ራሱ ይዋዥቃል። ሁለተኛ መመዘኛ ጂን ጨምሪ።

ቀሃ ዳር፦
ዲኤንኤዙ 37 ላይ ገብቷል። መብራቱ ካ

ሸማኔው፦
ሄደ?

አንገረብ22፦
እህቴ፣ ማሽኑ ሲመለስ ከቆመበት ከቀጠለ ሰዓቱን አትመኚው፤ ከ30 ደቂቃ ብዙ ካለፈ ኢዲቲኤውን አሁኑኑ ጨምሪ።

እንፍራዝ፦
ሰላም፣ እኔም ያው ችግር ገጥሞኛል፣ ግን በኒት1 (ሌላ ረጅም ኮድ አልባ አር ኤን ኤ)። ፕራይመር ልቀይር?

አዘዞ12፦
አዎ።

ጠዳ፦
አይደለም። ኒት1ም ስፕላይስ አይደረግም። ላይ ያለውን አንብብ።