ከኋላ ተገጭቶ ቶው ያርድ የገባ ትራክ፦ በማን ኢንሹራንስ ልሂድ?

ባለአንድትራክ_ኮሎምበስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በራሴ ኦቶሪቲ (የማጓጓዝ ፈቃድ) የምሠራ ኦነር ኦፕሬተር (ባለትራክ ሹፌር) ነኝ፤ ትራኩ 2019 ካስኬዲያ ነው። ኦሃዮ ውስጥ አይ-70 ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሜ ሳለሁ የሌላ ካምፓኒ ትራክ ከኋላ ትሬለሩን ገጨው፤ እኔንም ገፍቶ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር አጋጨኝ። ኮፈኑ፣ ራዲያተሩና የፊት አክሱ ተጎድቷል። ቲኬት (የትራፊክ ቅጣት) የተሰጠው ለሌላው ሹፌር ነው። ትራኩ ቶው ያርድ (ተጎትተው የተነሱ መኪኖች የሚቆሙበት ግቢ) ከገባ 4 ቀኑ። የሌላው ኢንሹራንስ አጀስተር (ጉዳቱን መርምሮ ካሳ የሚወስን ሠራተኛ) በየቀኑ እየደወለ ቃልህን ልቅረጽ፣ ቼክ እንልክልሃለን፣ ወረቀት ፈርም ይለኛል። በማን ኢንሹራንስ ብሄድ ይሻላል? ያለ ሥራ የቆምኩበት ቀንስ ይከፈላል? ጭነቱን ያገኘልኝ ብሮከር ደግሞ የተበላሸውን ዕቃ ዋጋ ከክፍያህ እቆርጣለሁ ብሏል። የድራግ ቴስት (የዕፅ ምርመራ) ግዴታ ነበረብኝ?

የክሌም_ሰው፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ትራኩን ከያርዱ አውጣ። ስቶሬጅ (የማቆሚያ ኪራይ) በቀን ይቆጠራል፤ ኢንሹራንሶች ደግሞ «ተገቢ ነው» ያሉትን ቀን ብቻ ከፍለው ቀሪውን አንተ ላይ ይጥሉታል። የራስህ ፖሊሲም ለቶውና ለስቶሬጅ ጣሪያ ሊኖረው ስለሚችል ዲክላሬሽን ገጹን (ሽፋኖቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ) እይ። ከያርዱ ዝርዝር ደረሰኝ ጠይቅ፦ የማንሻው ሰዓት፣ የሠራተኛው ብዛት፣ የጽዳቱ፣ የቀኑ ስቶሬጅ ለየብቻ ይጻፍ። በጅምላ የተጻፈ ሂሳብ ነው ክርክር የሚያስነሳው። ዛሬውኑ ለሁለቱም ኢንሹራንሶች ኢሜይል ጻፍ፦ ትራኩ ወደዚህ ጋራዥ እንዲዛወር ፍቀዱ፣ መልስ ሳትሰጡ የሚያልፈው ቀን ስቶሬጅ በእናንተ ነው። ስልክ ማስረጃ አይሆንህም።

በማን ልሂድ ላልከው፣ በሁለቱም ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፈት። የራስህ ፊዚካል ዳሜጅ (የትራክህ ጉዳት ሽፋን) ዲዳክቲብሉን (ከኪስህ የምትሸፍነውን ድርሻ) ቀንሶ ቶሎ ይከፍላል፤ ከዚያ ገንዘቡን ከሌላው ኢንሹራንስ ራሱ ያስመልሳል፣ ሲሳካለትም ዲዳክቲብልህ ይመለሳል። የቆምክበትን ቀን ግን ለብቻው የተገዛ ሽፋን ከሌለህ አይከፍልም። የሌላው ላያቢሊቲ (በሌሎች ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍል ሽፋን) ዲዳክቲብል የለውም፣ የቆምክበትንም ይከፍላል፤ ጥፋቱን እስኪቀበል ግን ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ትራኩን በራስህ አሠራ፣ ዲዳክቲብሉንና የቆምክበትን ከሌላው ጠይቅ። ብዙ ሰው ፕሪሚየም ይጨምርብኛል ብሎ ለራሱ ኢንሹራንስ ሳይነግር ይቆያል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፖሊሲው ቶሎ እንድታሳውቅ ያስገድዳል፣ ካዘገየህ ለመከልከል ምክንያት ሰጠሃቸው ማለት ነው። ይልቅ ፖሊሲውን ከማደስህ በፊት ሎስ ራን (የክሌም ታሪክህን ዝርዝር) አውጥተህ ገንዘቡ መመለሱ እዚያ ላይ መጻፉን አረጋግጥ።

ቃልህን ለሌላው ኢንሹራንስ የማስቀረጽ ግዴታ የለብህም። ለራስህ ግን አለብህ። ለሌላው የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን በጽሑፍ ላክ፣ ይበቃዋል። «ደህና ነኝ» አትበል፤ የአንገትና የወገብ ሕመም ከቀናት በኋላ ነው የሚነሳው። ከቼኩ ጋር የሚመጣው ሪሊስ (የመጠየቅ መብትህን የምትለቅበት ወረቀት) ላይ «ሁሉንም ክሌም» የሚል ካለ አትፈርም። ለትራኩ ጥገና ብቻ የሚል እንዲሆን አስለውጥ። የቆምክበትና የአካል ጉዳት ለየብቻቸው ይዘጋሉ። ኦሃዮ ለአካል ጉዳትም ለንብረትም ክስ የምትመሠርትበት 2 ዓመት ስለሚሰጥህ በጥድፊያ የሚያስፈርምህ ምክንያት የለም።

ሎንግሆል_ዳላስ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። የቆምክበትን ቀን አሰላል ልጨምር፣ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ። የሚከፈለው ግሮስ (ጠቅላላ ገቢ) አይደለም። ለምሳሌ በሳምንት 6,500 ዶላር ብታስገባ፣ ስለቆምክ ያላወጣኸውን ነዳጅ 1,900 እና ጥገናና ጎማ 400 ቀንስ፤ 4,200 ይቀራል። በ3 ሳምንት 12,600 ነው። የትራኩን የባንክ ክፍያና ፕሪሚየም አትቀንስ፤ ብትቆምም እየከፈልካቸው ነው። አጀስተሩ እነዚህንም ሊቀንስ ይሞክራል፣ እሺ አትበል። ከአደጋው በፊት የነበሩትን 3 ወራት ሬት ኮንፈርሜሽኖች (የጭነት ዋጋ ስምምነቶች)፣ የባንክ ገቢ፣ የነዳጅ ካርድ ሂሳብና ያለፈውን ዓመት ታክስ አያይዝ።

ሌላው የተለመደ ክርክር «ሥራው 40 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ 5 ቀን ብቻ እንከፍላለን» የሚለው ነው። ጋራዡ መለዋወጫው የታዘዘበትን፣ የደረሰበትንና አጀስተሩ ጥገናውን ያጸደቀበትን ቀን በደብዳቤ ይጻፍልህ። መዘግየቱ ከእነሱ ከሆነ ቀኑ ይናገራል።

ትራኩ ቶታል (መጠገኑ የማያዋጣ) ከሆነ ደግሞ፣ ፖሊሲህ ስቴትድ አማውንት የሚል ከሆነ ከጻፍከው ዋጋና ከገበያው ዋጋ ትንሹን ነው የሚከፍሉህ። 60,000 ብትጽፍና ገበያው 48,000 ቢሆን 48,000 ነው። ያቀረቡልህ ዋጋ ካነሰ ተመሳሳይ ዓመት፣ ሞተርና ማይሌጅ ያላቸውን የሽያጭ ማስታወቂያዎች ሰብስብ፣ የሞተር እድሳትና የጎማ ደረሰኝ ጨምር። ካልተስማማችሁ ፖሊሲው ላይ የአፕሬይዛል (የዋጋ ግምት) አንቀጽ ፈልግ፤ ሁለታችሁም ገማች ትመርጣላችሁ፣ ገማቾቹ ዳኛ ይመርጣሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳታው ከኢሲኤሙ (ከሞተሩ ኮምፒውተር) ሳይወሰድ ሞተሩን አታስነሳ፣ የድንገተኛ ፍሬን መዝገብ ሊጠፋ ይችላል። ለሌላው ካምፓኒም የዳሽካም ቪዲዮውንና የኢሲኤም ዳታውን እንዲያስቀምጥ በአደራ ደብዳቤ ጻፍለት። የሹፌሩን ሎግ (የሥራ ሰዓት መዝገብ) ሕጉ የሚያስቀምጠው ለ6 ወር ብቻ ነው።

የካርጎ_ነገር፦
ድራግ ቴስት ላይ፦ ሰው ከሞተ ጥፋተኛ ሆንክም አልሆንክም ግዴታ ነው። ካልሞተ ግን አንተ ቲኬት ተቀብለህ፣ በተጨማሪም ሰው ተጎድቶ ወዲያው ከቦታው ለሕክምና ከተወሰደ ወይም መኪና በቶው ከተነሳ ነው። ቲኬት ስላልተሰጠህ አንተን አይመለከትህም። የሚመለከተው ሰው አልኮሉን በ8 ሰዓት፣ ድራጉን በ32 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። አደጋውን ግን በአክሲደንት ሬጂስተርህ (በአደጋ መዝገብህ) መዝግበህ 3 ዓመት አስቀምጥ። በዳታኪውስ (የመንግሥት የትራክ መረጃ ማረሚያ ድረ ገጽ) በኩል የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዘህ «መከላከል የማይቻል» ተብሎ እንዲወሰን ጠይቅ፤ ከኋላ መገጨት ከሚታዩት ዓይነቶች አንዱ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጥፋቱ የሌላው ሹፌር ቢሆንም ለዕቃው ባለቤት ተጠያቂው የጫንከው አንተ ነህ። የካርጎ ኢንሹራንስህ ላይ ክሌም ክፈት፣ እሱ ከሌላው ያስመልሳል። ብሮከሩ ግን የገንዘብ መጠን የተጻፈበት ክሌም በጽሑፍ ያቅርብ፤ መድረሱን በ30 ቀን፣ ውሳኔህን በ120 ቀን ታሳውቃለህ። ከክፍያህ መቁረጥ የሚችለው የፈረምከው ኮንትራክት ከፈቀደለት ነው፣ አንቀጹን አሳየኝ በለው። ዕቃው ሁሉ ይጣል ካሉም ሰርቬየር (ጉዳቱን የሚገመግም ባለሙያ) ሳያየው አትስማማ፤ ያልተነኩት ፓሌቶች ከሂሳቡ ሊወጡ ይገባል።

ባለአንድትራክ_ኮሎምበስ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትሬለሩ የኪራይ ነው፣ እሱስ?

የካርጎ_ነገር፦
ፖሊሲህ ላይ ሽፋኑ ትሬለር ኢንተርቼንጅ (በልውውጥ ውል የያዝከው ትሬለር) ነው ወይስ ነን-ኦውንድ ትሬለር (የራስህ ያልሆነ ትሬለር) የሚለውን እይ። ኢንተርቼንጅ የሚሠራው የተፈረመ የኢንተርቼንጅ ውል ካለ ነው፤ የኪራይ ውል ብቻ ከሆነ ሊከለክሉህ ይችላሉ። ያኔ አከራዩ በቀጥታ የሌላውን ላያቢሊቲ ይጠይቅ፣ የክሌም ቁጥሩን ዛሬ ስጠው።