ከደሴ ተነስቶ የኢጣሊያ ህዳሴ ዘመን ታሪክ ተመራማሪ መሆን፦ ከየት ይጀመራል?

ጦሳ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው፤ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ማጥናት የምፈልገው የ15ኛውንና የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የኢጣሊያ ባህል ነው። ግእዝ ከቅኔ ቤት አለኝ፤ ላቲን ግን አልጀመርኩም። ለማስተርስና ለዶክትሬት ከማመልከቴ በፊት ምን ልያዝ? ርዕስስ በምን ይመረጣል?

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ፍሎሬንስን ይገዛ ስለነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ልጻፍ ብለህ አትነሳ። ያንን ሰነድ ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ ቋንቋ የሚያነብ የፍሎሬንስ ሰው ይቀድምሃል። አንተ የምትቀድመው ግእዝና ላቲን በተገናኙበት ቦታ ነው።

ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተመልከት። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ግእዝ የተማረው እዚያ ከነበሩት መነኮሳት ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ነው የጠራው። ለምን እንደዚያ እንዳሰበ መመርመር ብቻ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ቀጥሎ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ያሳተመው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን አለ፣ 1548 እና 49 እ.ኤ.አ.። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፣ መነኮሳቱም የኅትመት ሥራ አያውቁም ነበር፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራን ብለው ለስህተቱ ይቅርታ ይለምናሉ። የሐዋርያት ሥራ የተሟላ የግእዝ ቅጂ ስላላገኙለት አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ መልሰውታል። አንድ ምዕራፍ ውሰድና ከላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ቃል በቃል አስተያየው። ይህን ሥራ የቅኔ ተማሪ ይሠራዋል፤ ግእዝ የሌለው የህዳሴ ሊቅ ግን አይሠራውም።

ሐይቅ ዳር፦
በርዕሱ እስማማለሁ፤ የሚጥለው ቋንቋውና የቀን ቁጥሩ ነው።

ላቲንን በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ሳታቋርጥ ሁለት ዓመት ያዘው። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ እያልክ የተማርከው ይረዳሃል፤ በላቲንም የቃሉን ሙያ የሚነግርህ መድረሻው ነው። ኢጣሊያኛውን ጎን ለጎን አስኪደው። ከዚያ የእጅ ጽሕፈት ንባብ ይመጣል። ጸሐፊዎቹ ቃል ያሳጥራሉ፦ የላቲኑ «ፒ» እግሩ ላይ አግድም ጭረት ካለበት «ፔር»፣ ጭረቱ ከአናቱ በላይ ከሆነ «ፕሬ»፣ ከእግሩ ወደ ግራ ከተጠማዘዘ «ፕሮ» ነው። ይህችን ካሳትክ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል።

ቀን ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ፍሎሬንስ ዓመቱን የምትጀምረው በእነሱ ማርች 25 ነበር። የፍሎሬንስ ጉባኤ ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስምምነት ያወጀበት ሰነድ ላይ «ፌብሩዋሪ 4፣ 1441» የሚል ታነባለህ፤ ዛሬ በምንቆጥርበት 1442 ነው። ወደ እኛ ሲመለስ የካቲት 10 ቀን 1434 ይሆናል። የዛሬውን ሰንጠረዥ ከተጠቀምክ ጥር 27 ይሰጥሃል፣ እሱ ስህተት ነው፤ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከወጣበት ከ1582 እ.ኤ.አ. በፊት የእኛ መስከረም 1 በነሱ ኦገስት 29 ላይ ነበር የሚውለው፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 30 ላይ።

ቦርከና፦
ስለ ማመልከቻው ልጨምር። ጀማሪ የሚወድቀው «የህዳሴ ዘመን ባህል በኢትዮጵያና በኢጣሊያ» የሚል ሰፊ ርዕስ ይዞ ሲቀርብ ነው። በጥናት ንድፉ ላይ የትኛውን የብራና መጽሐፍ፣ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት፣ በምን ቁጥር እንደምታነብ ጻፍ። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ብዙ የግእዝ ብራናዎችን በኢንተርኔት በነፃ አውጥቷል፤ ከደሴ ሳትንቀሳቀስ ቁጥሩን መያዝ ትችላለህ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልህ መምህራን ንድፉን ከስድስት ሳምንት በፊት ይድረሳቸው።

ዶክትሬት ኢጣሊያ በመደበኛው ሦስት ዓመት ነው፣ ላቲንህን ጨርሰህ መግባት አለብህ ማለት ነው። አሜሪካ ረዘም ይላል፤ መጀመሪያ ላይ ኮርስና የቋንቋ ፈተና ስላለ ለመማር ጊዜ ይሰጣል። ጀርመን፣ ሃምቡርግ በጥንቱ የግእዝ ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የሚጠራ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ። ከዶክትሬት በኋላ የሃርቫርዱ የህዳሴ ጥናት ማዕከል ቪላ ኢ ታቲ ፍሎሬንስ ላይ፣ የዋርበርግ ተቋም ደግሞ ለንደን ላይ ለዚህ ዘርፍ ዋነኞቹ በሮች ናቸው። አገር ቤት ለህዳሴ ብቻ ተብሎ የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ አትጠብቅ፤ የመካከለኛውን ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ጭምር ለማስተማር ተዘጋጅ።

ጦሳ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከዚሁ ከወሎ የሚነሳ ርዕስስ አይኖርም?

ሐይቅ ዳር፦
አለ እንጂ፤ መካነ ሥላሴ። ናዖድ ጀምሮት ልብነ ድንግል የጨረሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ቆሞ አይቶታል፤ በ1531 በኢማም አህመድ (ግራኝ) ጦር መቃጠሉን ደግሞ የኢማሙ ዜና ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ በዐረብኛ ጽፎታል። ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የአልቫሬዝን መጽሐፍ ስትጠቅስ ግን የ1540ው የሊዝበን እትምና በ1550 የጉዞ ጽሑፎች ሰብሳቢው ራሙዚዮ ቬኒስ ላይ ያወጣው የኢጣሊያኛው ትርጉም አንድ ስላልሆኑ የትኛውን እንዳነበብክ በየግርጌው ለይ።