ሞርፊንና ቲኤልአር-4፦ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር ሞርፊንን መርጬ መሃል ላይ ቀጥ ብያለሁ።

ሞርፊን ሙ ከሚባለው የኦፒዮይድ ሪሰፕተር (በሴል ላይ ያለ መልእክት ተቀባይ) ጋር ተያይዞ ሕመም እንደሚያስታግስ ገብቶኛል። እሱ ቀላሉ ነው። የከበደኝ ቲኤልአር-4 ነው። የዚህ ሪሰፕተር ዋና ሥራ ኤልፒኤስ የተባለውን የባክቴሪያ ቅባት ለይቶ የበሽታ መከላከያውን መቀስቀስ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፒኤንኤኤስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን ሞርፊንም ኤምዲ-2 ከተባለው የቲኤልአር-4 አጋር ጋር ይጣበቃል ይላል። ከዚያ በአንጎልና በአከርካሪ ያሉት ማይክሮግሊያ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይቆጣሉ፣ እንደ አይኤል-1 ያሉ ብግነት ቀስቃሽ ነገሮችን ይለቃሉ፣ የሞርፊኑ የማስታገስ ኃይልም ይቀንሳል። ቆንጆ ማብራሪያ ነበር!

ምን ዋጋ አለው፣ ቲኤልአር-4 የሌላቸው አይጦችም ሞርፊኑን ይለምዱታል (ማለትም ሲደጋገም የማስታገስ ኃይሉ ይቀንስባቸዋል) የሚሉ ጥናቶች አገኘሁ። የቱን ልያዝ?

ደግሞ ኤም3ጂ አለ። ሰውነታችን ሞርፊንን ሲቀይረው በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ሙን እምብዛም አይነካም፣ ቲኤልአር-4ን ግን ይቀሰቅሳል ይባላል። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው፣ ሞርፊኑ ወይስ ኤም3ጂ?

ኢሚዩኖሎጂ የምታውቁ ካላችሁ፣ የሴልና የአይጥ ሙከራ ውጤት ለምን እንደሚጋጭ ብቻ እንኳ ንገሩኝ። መምህሬ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።