ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ቆመናል፣ የማርክ ባቡር ትኬታችን የሜትሮውን በር አልከፍት አለ! የሚያውቅ ይድረስልን

የድሬ ልጅ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! እናቴን ኤርፖርት ለማድረስ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ነኝ። በረራዋ 9 ሰዓት ነው። ትናንት ማታ በስልኬ ቻርምፓስ በሚባለው የትኬት መቁረጫ አፕ ላይ ለሁለታችን ከዚህ እስከ ዩኒየን ስቴሽን (የዋሽንግተን ትልቁ ባቡር ጣቢያ) የማርክ፣ ማለትም የሜሪላንድ ባቡር፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ማርክ የሚቆምበት ላይ ወጥተን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ባቡርም የለ፣ ሰውም የለ። ወርደን ሜትሮው በር ላይ ስልኬን ባስጠጋ ባስጠጋ አይከፈትም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘናል፣ እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ምን ላድርግ?

አቤል 495
እህቴ፣ የትኛው ኤርፖርት? እዚህ አካባቢ እኮ ሦስት ነው ያለው። ደለስ ከሆነ በሬድ ላይን (በቀዩ የሜትሮ መስመር) ሄደሽ ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ወርደሽ ወደ አሽበርን የሚሄደውን ሲልቨር ላይን ያዢ፤ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ኤርፖርቱ ደጃፍ ድረስ ይገባል። ሬገን ከሆነ ጋለሪ ፕሌስ ላይ የሎው ላይን ቀይሪ። ደግሞ 9 ሰዓት ያልሽው በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

የድሬ ልጅ
ባልቲሞር ኤርፖርት! በሐበሻ ነው፣ 3 ፒኤም። ሚኒያፖሊስ እህቴ ጋ ነው የምትሄደው።

ሹፌሩ
እኔ መጀመሪያውኑ በባቡር መሄዱ ነው ያልገባኝ። እናት፣ ሻንጣ፣ የታመመ ጉልበት፤ ለዚህ መኪና ነው እንጂ! አውራ ጎዳና 495 ገብቶ በ95 መውጣት ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ መንገዱ ያን ያህል አይጨናነቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቆሞ ሐበሻ ሹፌር አጣሁ ማለት ጠጅ ቤት ገብቶ ብርሌ አጣሁ እንደማለት ነው። ደውይ፣ አሁኑኑ ሰው ይመጣልሻል።

የድሬ ልጅ
ወንድሜ ተባረክ፣ ግን መኪና ያስመልሳታል። ባለፈው ከደለስ እስክንመጣ ሦስት ቦታ ቆመናል። ባቡር ግን ልጅ ሆና ከድሬዳዋ ለገሃር የተመላለሰችበት ስለሆነ ምንም አይላትም። አሁንም «ትኬት ከተቆረጠ ባቡሩ የታለ?» እያለችኝ ነው።

የጣቢያ ጎረቤት
እሺ፣ ተረጋጊና አንብቢኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው የማርክ መስመር ብራንስዊክ ላይን ይባላል፤ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። እስከ ማታ ብትቆሙ አይመጣም። የያዝሽው የማርክ ትኬት ደግሞ ለሜትሮ በር አይሠራም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ በሬድ ላይን ዩኒየን ስቴሽን ሂዱ፣ እዚያ ፔን ላይን የሚባለውን ማርክ ያዙ። እሱ ቅዳሜና እሁድም አለ፣ ባልቲሞር ኤርፖርት ጣቢያም ይቆማል።

ጋሽ ታሪኩ
ልጄ፣ ነገሩ ከሥሩ ቢገባሽ ሌላ ጊዜ አትቸገሪም። ይህ ሐዲድ የተከፈተው በ1873 ነው፣ ባለቤቱ ቢ ኤንድ ኦ የሚባለው የባቡር ድርጅት ነበር። በጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ ዝቅ ስትዪ የምታገኚው ቀይ የጡብ ቤት የዱሮው ጣቢያ ነው፤ በ1945 የተሠራ ሲሆን ከእሱ በፊት ደግሞ በ1878 የተሠራ ሌላ ጣቢያ ነበረ። ሜትሮው የመጣው በፌብሩዋሪ 1978 ነው። ያኔ የሬድ ላይን መጨረሻ እዚህ ነበር፤ ወደ ፎረስት ግሌንና ዊተን የቀጠለው በ1990 ነው። ማርክ እስከ 2002 ድረስ በዱሮው ጣቢያ ሲቆም ኖሮ ነው አሁን ወዳላችሁበት የተዛወረው። ቀና ብለሽ ካየሽ ሜትሮው መሐል ለመሐል ይሄዳል፣ የማርኩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ነው። ያ የዳርና የዳሩ ሐዲድ ዛሬ የጭነት ባቡር ድርጅት የሲኤስኤክስ ንብረት ነው። ማርክ በሰው ሐዲድ ላይ የሚሄድ እንግዳ ነውና ጠዋት ሠራተኛውን ወደ ዋሽንግተን ያስገባል፣ ማታ ያወጣል፣ ቅዳሜ የለም። አንድ ቦታ ቢቆሙም ባለቤታቸው ለየቅል ነው። አውቶቡሶቹ ያሉበት ትልቁ ሕንፃ ደግሞ በሴናተር ፖል ሳርቤንስ ስም የተሰየመ ነው፤ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ዓመታት ከዘገየ በኋላ በሴፕቴምበር 2015 ተከፈተ...

ሶፊ
ጋሼ፣ ታሪኩን እወድልዎታለሁ፣ ግን ልጅቷ በር ላይ ቆማለች!

መክብብ
ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 2025 ጀምሮ ነጻ ሆኗል። ለምን በእሱ አትሄዱም? እዚያው ሕንፃ ሥር ነው የሚነሣው።

ሶፊ
ነጻ መሆኑ መልካም ነው፣ ግን የሞንጎምሪ ካውንቲ አውቶቡስ ነው እኮ። ባልቲሞር ኤርፖርት አይደርስም።

ዮኒ
ባንክ ካርድሽን በሩ ላይ ታፕ አድርጊ። አሁን ስማርትሪፕ (የሜትሮው መክፈያ ካርድ) ባይኖርሽም ይሠራል።

አቤል 495
አዎ፣ የባንክ ካርድ ታፕ አድርጊ። ከሜይ 2025 ጀምሮ የሜትሮ በሮች ይቀበላሉ።

የድሬ ልጅ
አደረግኩት! ለእኔ ተከፈተ፣ ለእናቴ ስደግመው ግን እምቢ አለ። እኔ ውስጥ፣ እሷ ከሻንጣው ጋር ውጭ!

የጣቢያ ጎረቤት
አይዞሽ። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። ሌላ የባንክ ካርድ ካለሽ በዚያ አስገቢያት። ከሌለሽ ያው ካርድ ስልክሽ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ስልኩን ለእሷ አስነኪ፤ ስልኩና ፕላስቲኩ እንደ ሁለት ካርድ ነው የሚቆጠሩት። ያም ካልሆነ ማሽኑ ላይ ስማርትሪፕ ትገዣለሽ፣ ባዶ ካርዱ 2 ዶላር ነው፣ ከዚያ ሒሳብ ሙይበት። ለሻንጣው በሠራተኛው ክፍል አጠገብ ያለውን ሰፊ በር ተጠቀሙ። ዋናው ነገር፣ ስትወጡ ሁለታችሁም በገባችሁበት በዚያው ካርድ ወይም ስልክ ነው መውጣት ያለባችሁ፣ እንዳትቀያይሩት።

ዮኒ
ካርዱን ታፕ አድርጊው እኮ!

ሶፊ
ዮኒ፣ አድርጋለች። ከላይ አንብብ።

የድሬ ልጅ
በስልኬ ገባች!!! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኤሌቬተር ወጥተናል። የትኛው አቅጣጫ ነው?

የጣቢያ ጎረቤት
ፊቱ ላይ «ሻዲ ግሮቭ» የሚለውን ያዙ። «ግሌንሞንት» የሚለው ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ፣ ሮድ አይላንድ አቬኑ፣ ኖማ፣ ከዚያ ዩኒየን ስቴሽን፤ ስድስተኛው ላይ ትወርዳላችሁ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠሽ ቻርምፓስ ላይ ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ባልቲሞር ኤርፖርት ጣቢያ አዲስ ትኬት ቁረጪ። የትናንቱን አፑ ላይ እንዳታስነሺው (አክቲቬት እንዳታደርጊው)፣ እሱ ለብራንስዊክ መስመር የተቆረጠ ነው። አዲሱንም ቢሆን አስቀድመሽ አታስነሺ፣ ልትሳፈሩ ስትሉ ነው። ፔን ላይን ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን አይመላለስም፣ የሚቀጥለው ስንት ሰዓት እንደሆነ ከአሁኑ ተመልከቺ።

ኤልሳ ከግሪንቤልት
የሰዓቱ ክፍተት ከረዘመባችሁ አምትራክም (የረጅም ርቀት ባቡር ድርጅቱ) ኤርፖርቱ ባቡር ጣቢያ የሚቆም ባቡር አለው። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ በማርክ ትኬት ደግሞ ቅዳሜ አያሳፍሩም፤ ለብቻው ይገዛል። ስትወርዱ ባቡር ጣቢያውና አውሮፕላን ማረፊያው አንድ ቦታ አይደሉም፤ በእግር አትሞክሩት፣ ነጻ አውቶቡስ አለ፣ ተርሚናሉ በር ላይ ያወርዳችኋል። ለእሱም ጊዜ ያዙ።

ሹፌሩ
እኔ አሁንም መኪና ነው የምለው፤ ያስመለሳት እንደሆነ ዝንጅብል ይዞ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ለማንኛውም ዩኒየን ስቴሽን ደርሳችሁ ባቡሩ የሚቆይ ከሆነ ጻፊልኝ፣ እዚያ ፊት ለፊት ሁሌም የእኛ ልጆች አሉ።

ጋሽ ታሪኩ
ልጄ፣ እናትሽን በመስኮቱ በኩል አስቀምጫት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ሜትሮው ብዙውን መንገድ ከምድር በላይ ነው የሚሄደው፣ ያ በጎኑ የሚታየው ሐዲድ ያ የ1873ቱ መስመር ነው። የድሬ ሰው ባቡር ያውቃል፣ ንገሪያት።

የድሬ ልጅ
ነገርኳት ጋሼ፣ መስኮት ላይ ናት፣ የጭነት ባቡሩን ፉርጎ እየቆጠረች ነው። ብሩክላንድ ደርሰናል። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ሶፊ
እሰይ! ስትደርሱ ጻፊልን።

ኤልሳ ከግሪንቤልት
የድሬ ልጅ፣ ባቡሩን አገኛችሁት?

መክብብ
ደርሰው ይሆናል እንግዲህ። በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ፦ ከሰኞ ጀምሮ ፍሬድሪክ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በማርክ ሄጄ ማታ መመለስ እችላለሁ? ካርታው ላይ መስመሩ ይታያል።

የጣቢያ ጎረቤት
መስመሩስ አለ፣ ግን ለአንተ አቅጣጫው ግልብጥ ነው። ጠዋት ባቡሩ ከፍሬድሪክ በኩል ወደ ዋሽንግተን ነው የሚመጣው፣ ወደዚያ የሚወጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ፕላትፎርሙ ላይ ሰው ታያለህ፣ ሁሉም ግን ወደ ዲሲ የሚሄድ ነው። ትኬት ሳትቆርጥ መኪና የሚጋራህ ሰው ፈልግ።

ሹፌሩ
መክብብ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ፍሬድሪክ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ በየጠዋቱ ከዊተን ነው የሚነሣው።